ለተንቀጠቀጠ የሰርግ ቪዲዮ ስንት ብር ይወጣል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ደሴ ነው። የወንድሜ ሰርግ ሐይቅ ነበር። ቪዲዮ አንሺ ስላልቀጠርን እኔ በስልኬ ቀረጽኩት። ጠቅላላው 47 ደቂቃ ነው። እየሄድኩም፣ እየጨፈርኩም፣ መኪና ውስጥ ሆኜም ስለቀረጽኩ በጣም ይንቀጠቀጣል። ሁለት ደቂቃ ካዩት ራስ ያዞራል። እናቴ በቲቪ ማየት ትፈልጋለች። ጅዳ ያለችው እህቴም ስላልነበረች ልልክላት ነው። ላፕቶፔ ኮር አይ ፋይቭ፣ ራሙ 8 ጂቢ ነው፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። አንድ ሱቅ በ1500 ብር ፕሪሚየር የሚባለውን የቪዲዮ ማስተካከያ ሶፍትዌር ፉል ቨርዥን እጭንልሻለሁ አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ፊልሞራ የሚባለውን ሌላ ማስተካከያ ግዢ ትለኛለች። 4000 ብር ድረስ ማውጣት እችላለሁ። የቱን ልምረጥ?»

ሁለቱንም አትግዢ። ለዚህ ሥራ የሚበቃሽ ሶፍትዌር በነፃ አለ፤ ሾትከት ይባላል። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄሽ ውስጥ ያለውን አንድ ስህተት ላንሳ። «ቪዲዮው ይንቀጠቀጣል» ብለሽ 47 ደቂቃውን በአንድ ከረጢት ከተሽዋል። ከጥያቄሽ ጋር የላክሻቸውን አራት ቁራጮች ደጋግሜ አየኋቸው። አራቱም ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን በሽታቸው አራት ነው። አንዱ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ሁለተኛው በደንብ ይሻለዋል። ሦስተኛው ትንሽ ብቻ ነው የሚስተካከለው። አራተኛውን ማንም ሶፍትዌር አያድነውም፣ የሺህ ዶላሩም ጭምር።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ ፎቶዎች ነው፤ አንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፍሬም ከቀደመው ጋር ያስተያያል። የማይንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋል፦ የበር ጠርዝ፣ የግድግዳ ስንጥቅ፣ የድንኳን ምሰሶ። ምሰሶው ከቀደመው ፍሬም ወደ ግራ ከሸሸ ሥዕሉን በሙሉ በዚያው ልክ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ይህን በሴኮንድ 30 ጊዜ ያደርገዋል። ሥዕሉ ሲገፋ ግን በአንዱ ጎን ጥቁር ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ እንዳይታይ ሶፍትዌሩ ዙም ያደርጋል። ስለዚህ መረጋጋቱ ዋጋ አለው፤ ዋጋው ደግሞ በብር አይደለም፣ በሥዕል ጠርዝ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የቀረጽሽው በ1920 በ1080 ነው። 10 በመቶ ዙም ሲደረግ ከዋናው ሥዕል የሚተርፈው 1745 በ982 ነው። 20 በመቶ ሲደረግ 1600 በ900 ይሆናል። እናትሽ ሳሎን ተቀምጣ 10 በመቶውን ልብ አትለውም። 20 በመቶው ላይ ፊት መደብዘዝ ይጀምራል፤ ጫፍ ላይ የቆመ ሰውም ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ ካለፈ አክስትሽ «እኔ የለሁበትም» ብላ ትቀየምሻለች። የእኔ ገደብ 15 በመቶ ነው። ከ15 በላይ የሚጠይቅ ቁራጭ ካለ ወይ እንዳለ ይቅር፣ ወይ ይውጣ።

አሁን ወደ አራቱ ቁራጮች እንሂድ።

የመጀመሪያው የአያትሽ ምርቃት ነው። ቆመሽ ቀርጸሻል፣ አልተራመድሽም። መንቀጥቀጡ የእጅ ድካም ነው፤ ትንሽና ፈጣን። ከአያትሽ ኋላ በር አለ፣ ከበሩ ጎን የተሰቀለ ሰፌድ አለ። ሁለቱም ቅንጣት አይንቀሳቀሱም። ሶፍትዌር የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። የሚሸሸው ጥቂት ስለሆነ 5 በመቶ ዙም ይበቃል። ይህ ቁራጭ ሲያልቅ በትራይፖድ፣ በባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ የተቀረጸ ይመስላል። የ47 ደቂቃው ሁሉ ውድ ቦታም ይኸው ነው። ሰርግ ይደገማል፤ የአያት ምርቃት ግን እንጃ። ሥራሽን ከዚህ ጀምሪ።

ሁለተኛው ሴቶቹ እየዘፈኑ ወደ ግቢ ሲገቡ፣ አንቺም ከኋላቸው ስትሄጂ ነው። እዚህ ሥዕሉ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይና ታች ይዘላል። የእርምጃ ዝላይ ወጥ ምት ስላለው ሶፍትዌሩ በደንብ ያለዝበዋል። ፍጹም አይሆንም፤ የመንሳፈፍ ስሜት ይኖረዋል። ቢሆንም ራስ አያዞርም። አንድ ችግር አለ፦ መሃል ላይ አንዲት ሴት በነጠላዋ ሙሉ ሥዕሉን ትሸፍነዋለች። ሶፍትዌሩ ያኔ የሚይዘው ነገር ያጣል። ነጠላውን ግድግዳ መስሎት እሱን ተከትሎ ሥዕሉን ወደ ጎን ይወረውረዋል። ነጠላው ከመግባቱ በፊት ቁረጪ፣ ካለፈ በኋላ አዲስ ቁራጭ ጀምሪ። ሁለቱን ለየብቻ አረጋጊያቸው።

ሦስተኛው ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመኪና መስኮት የሙሽራውን መኪና የቀረጽሽው ነው። እዚህ ያለው መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። ልብ ብለሽ እይው፦ የስልክ እንጨቶቹ ቀጥ ብለው አይቆሙም፣ እንደ እባብ ይጣመማሉ። የመኪናው አካልም ሳህን ላይ እንዳለ የረጋ እርጎ ይርገበገባል። ምክንያቱ የስልኩ ካሜራ ራሱ ነው። አንዱን ፍሬም በአንድ ቅጽበት አያነሳውም፤ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነበዋል። የላይኛውን መስመር አንብቦ ታችኛው ላይ እስኪደርስ መኪናው ዘሏል። ስለዚህ የሥዕሉ ላይና ታች የተለያየ ቦታ ላይ ናቸው። ባለሙያዎች ሮሊንግ ሸተር ይሉታል። ሾትከት ሥዕሉን በሙሉ መግፋት ይችላል፤ የተጣመመውን መስመር ግን አያቃናም። የማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው አይሙቪ ላይ ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ ያገኛል፤ በነፃ ነው። እሱም ቢሆን የመንገዱን ጉድጓድ አይደፍንም።

ለመኪናው ቁራጭ ያለኝ ምክር ሌላ ነው። ድምፁን አስቀሪ፣ ሥዕሉን ጣዪ። ክላክሱ፣ እልልታው፣ ከኋላ ወንበር የሚመጣው ዘፈን ጥርት ብሎ ተቀድቷል። በላዩ ላይ በዚያ ቀን ያነሳሻቸውን አምስት ስድስት ፎቶዎች ደርድሪበት። ማንም «ቪዲዮው የታለ?» አይልሽም። ደግሞ ይኸን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፦ ማረጋጊያ ድምፅን አይነካም። ግማሹ ሰርግ ድምፅ ነው።

አራተኛው ማታ ድንኳን ውስጥ ነው። አንድ አምፖል ብቻ ነበር፣ ያውም ከሩቅ። ብርሃን ሲያንስ ስልኩ እያንዳንዱን ፍሬም ለማንሳት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እጅሽ ሲንቀሳቀስ ሥዕሉ ይፈስሳል። የአምፖሉን ነጥብ እዪው፤ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ሆኗል። ሰረዙ ፍሬሙ ውስጥ ታትሟል። ሶፍትዌሩ ፍሬሙን ቀጥ ቢያደርገው ሰረዙ ሰረዝ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም ይብሳል፤ ሥዕሉ ሲረጋ የፊቶቹ ጥራት በየሴኮንዱ ሲጠራና ሲደበዝዝ ጎልቶ ይታያል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ አትልፊ። ብዥታን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እናጠራለን የሚሉ መተግበሪያዎች አሉ። እነሱ የጠፋውን ፊት አያገኙትም፤ ይገምቱታል። የተገመተ የወንድም ፊት ለእህትሽ ልኮ ማስለቀስ ምን ይሉታል? ከማታው ውስጥ እጅሽ ትንሽ ያረፈባቸውን ጥቂት ሴኮንዶች ምረጪ። ሌላውን ተዪው።

አሁን ስለ ሶፍትዌሩ። ሱቁ «የፕሪሚየር ፉል ቨርዥን» ያለሽ ነገር የለም። ፕሪሚየርን የሚሠራው ኩባንያ አዶቢ ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ አዲሱን ፕሪሚየር ፕሮ አንዴ ከፍለሽ የምትይዢው ዕቃ አድርጎ መሸጥ ትቷል። እንደ ቤት ኪራይ ነው፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈላል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ፣ ኢንተርኔት ላይ በሚሠራ ካርድ። በ1500 ብር የሚጫነው ክራክ ነው፤ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ቅጂ ማለት ነው። ምልክቱን ልንገርሽ፦ የሚጭነው ልጅ መጀመሪያ «አንቲቫይረሱን ላጥፋው» ይላል። በዚያች ቅጽበት ላፕቶፕሽን ከፍተሽ ሰጠሽው ማለት ነው። ከክራኩ ጋር ምን አብሮ እንደገባ እሱ ራሱም አያውቅም። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ከጫነልኝ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጋር የገባ ቫይረስ ፋይሎቼን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቆኛል። የሁለት ሰርግ ሥራ ነበር የሄደብኝ። ሰዎቹን ፊት ለፊት የነገርኳቸው ቀን አሁንም ይጨንቀኛል።

ፕሪሚየር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ማረጋጊያው በጣም ጎበዝ ነው። ግን ጉብዝናው ሥዕሉን ቦታ ቦታው ላይ በመለጠጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ልክ ካለፈ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ የዘመድ ሰርግ ላይ ማለስለሻውን ጫፍ አድርሼው ነበር። ሙሽሮቹ እንደ ሐውልት ቀጥ አሉ። ከኋላቸው ያለው ድንኳን ግን እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል፣ ተመልሶ ይሟሽሻል። ምሰሶው ይታጠፋል፣ ይቃናል። የሙሽራዋ እናት «ያን ቀን እንዲህ ነፋስ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው፤ ምን ልበል!

ፊልሞራ ለመልመድ ቀላል ነው፤ ጓደኛሽ ያለችው ከዚህ አንጻር ልክ ነው። ነፃው ግን ሠርተሽ ጨርሰሽ እንደ ፋይል የምታወጪው ቪዲዮ ላይ የራሱን ማኅተም ያትምበታል። ለማስለቀቅ መክፈል አለብሽ። ለአንድ ሰርግ አያስፈልግም።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይሻላል የሚልሽ ሰው ይኖራል፤ ብዙ ኤዲተሮች ይሉታል፣ እኔም የምሠራበት በእሱ ነው። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን ነው የሚያወጣው። ነፃው ውስጥ ማረጋጊያ አለ። ቪዲዮ እስከ 3840 በ2160 ያለ ማኅተም ያወጣል። የሚከፈልበት ቢያስፈልግ እንኳ ዋጋው 295 ዶላር አንዴ ብቻ ነው። ማረጋጊያው ውስጥ ካሜራውን እንደ ትራይፖድ የሚያቆም ምርጫም አለው፤ ለአያትሽ ቁራጭ ተስማሚ ነበር። ችግሩ ያለው ላፕቶፕሽ ላይ ነው። ሪዞልቭ 16 ጂቢ ራምና ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። አንቺ 8 ጂቢ ነው ያለሽ፣ ካርዱም የለም። ይከፈት ይሆናል፣ ከዚያ ግን እያነቀው ይዘጋል። ለማውረድም ከ2 ጂቢ በላይ ዳታ ይበላል። ላፕቶፕ በቀየርሽ ቀን ተመለሺበት።

ስለዚህ ሾትከት። ነፃ ነው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ ማኅተም አያትምም፣ ምዝገባ አይጠይቅም። ለኤችዲ ቪዲዮ 8 ጂቢ ራም ይበቃዋል። ቪድስታብ በሚባል ነፃ ማረጋጊያ ነው የሚሠራው። ኬደንላይቭ የሚባለው ሌላው ነፃ ሶፍትዌርም ውስጡ ያለው ሞተር ይኸው ነው። አንዱ ከሌላው ያረጋጋል ብሎ የሚከራከር ካጋጠመሽ አትስሚው። አውርጂ ግን ከራሱ ድረ ገጽ፣ ከሾትከት ዶት ኦርግ ብቻ። ከሱቅ ፍላሽ አትቀበዪ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀላል ሙከራ አድርጊ። ስልክሽ ላይ ጉግል ፎቶስ ካለ የአያትሽን ቪዲዮ ክፈቺና ኤዲት ውስጥ ገብተሽ የማረጋጊያውን ምልክት ንኪ። ቅጂ አድርጎ ያስቀምጥልሻል። ውጤቱን ቲቪ ላይ እዪው። ከበቃሽ ያ ቁራጭ አለቀ ማለት ነው፤ ላፕቶፕ ላይ አትድከሚበት። ካፕከትም ማረጋጊያ አለው፤ ለአጭር ቁራጭ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ነገሩ በክፍያ ስለሆነ፣ መጨረሻም ላይ የራሱን ምልክት ስለሚጨምር እሱን መሰረዝ አትርሺ። 47 ደቂቃ በስልክ ላስተካክል ካልሽ ግን የስልኩ ቦታም የአንቺም ትዕግሥት ያልቃል።

አሠራሩን ላሳጥረው። ዋናውን ቅጂ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ በገመድ ገልብጪ። በቴሌግራም ለራስሽ ልከሽ እንዳታወርጂ፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል፣ የተጨመቀ ደግሞ ሲረጋጋ ሸካራ ይሆናል። ሾትከት ቪዲዮውን ስትከፍቺ የስልክ ቪዲዮ የፍሬም ፍጥነቱ ወጥ አይደለምና ወደ ሌላ ዓይነት ልቀይረው ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። እሺ በዪው፣ ከሚሰጥሽ ምርጫዎች ዝቅተኛውን ምረጪ። ይህን ከዘለልሽ አያትሽ ሲመርቁ አፋቸውና ድምፃቸው እየተራራቀ ይሄዳል።

ቀጥሎ ቁረጪ። ማረጋጋት ሁለተኛ ሥራ ነው፣ መቁረጥ አንደኛ። ከ47 ደቂቃው 12 ወይም 15 ደቂቃ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነው። ይህን ስል ብዙ ሰው ይከፋዋል፤ «ሁሉም ይኑር» ይላል። ሁሉም ዋናው ላይ አለ፣ አይጠፋም። ለሰው የምታሳዪው ግን ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው መሆን አለበት። ደግሞ ሒሳቡን እዪው፦ ያንቺ ላፕቶፕ አንዱን ቁራጭ ሲመረምር ቡናው ከአቦል በረካ ሊደርስ ይችላል። 47 ደቂቃውን እንዳለ ካስገባሽው ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል፤ ውጤቱም ይከፋል። ነጠላው፣ መኪናው፣ ማታው፣ ሁሉም በአንድ ልክ ይለካሉና።

ከዚያ አንዱን ቁራጭ ምረጪ፣ ፊልተርስ ውስጥ ገብተሽ ስታቢላይዝ የሚለውን ጨምሪ፣ አናላይዝ የሚለውን ተጫኚ። አንድ ትንሽ ፋይል የት ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቅሻል፤ ከቪዲዮዎችሽ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጊው፣ እንዳታጠፊው። ከምርመራው በኋላ ቁራጩን መልሰሽ ካስረዘምሽ ወይም ፍጥነቱን ከቀየርሽ ምርመራውን ድገሚ።

ካሉት ቁጥሮች ውስጥ የሚያሳስብሽ ስሙዚንግ የሚለው ነው። ቁጥሩ የፍሬም ብዛት ነው። 15 ካልሽ ሶፍትዌሩ 15 ፍሬም ወደኋላ፣ 15 ፍሬም ወደፊት ያይና አማካዩን ይወስዳል። በሴኮንድ 30 ፍሬም ስለሆነ አንድ ሴኮንድ ያህል መሆኑ ነው። ለዘፈኑ ሰልፍ ከ15 እስከ 30 ይበቃል። አንቺ ካሜራውን ሆን ብለሽ ከሙሽራው ወደ ሙሽሪት ያዞርሽባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቁጥሩ ከበዛ ሶፍትዌሩ ያንንም መንቀጥቀጥ መስሎት ይከላከለዋል። ለአያትሽ ግን 60 አድርጊው፣ ካሜራው የትም አልሄደምና። ሌሎቹን ቁጥሮች አትንኪ። አንድ ጊዜ ሠርተሽ አይተሽ ካልወደድሽው ያኔ ትነካኪያለሽ።

ስልክሽ ሲቀርጽ የራሱ ማረጋጊያ በርቶ ከነበረ ሥዕሉ አንዴ ተረጋግቷል ማለት ነው። ሰልፉ ላይ አልፎ አልፎ ሥዕሉ ይዘገይና ድንገት ሲስፈነጠር የምታዪው ከዚያ የመጣ ነው። በላዩ ድጋሚ ማጥበቅ ያባብሰዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ስሙዚንጉን ዝቅ አድርጊ።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው። የደሴን መብራት አንቺ ታውቂዋለሽ። ኤምፒ ፎር ፋይል ሲሠራ ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። 95 በመቶ ደርሶ መብራት ቢሄድና ላፕቶፑ ቢጠፋ 95 በመቶ ቪዲዮ አይኖርሽም፤ የማይከፈት ፋይል ነው የሚኖርሽ። ባትሪሽ የደከመ ከሆነ እያንዳንዱን ቁራጭ አረጋግተሽ ለየብቻ አውጪ፣ መጨረሻ ላይ የወጡትን አገጣጥሚያቸው። መብራት ቢሄድ የምታጪው አንዱን ብቻ ነው።

ስታወጪ ኤች 264 የሚባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት ምረጪ። ኤችኢቪሲ የሚባለው ፋይሉን ያሳንሳል፣ ግን ቆየት ያለ ቲቪ ላያነበው ይችላል። ጥራቱን በሴኮንድ 10 ሜጋቢት አካባቢ አድርጊው። 12 ደቂቃው 900 ሜጋባይት ያህል ይመጣል። ለእህትሽ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ በነፃው 2 ጂቢ ድረስ ሳይጨመቅ ይሄዳል። ለእናትሽ ፍላሽ ላይ ስትገለብጪ ደግሞ «ቦታ እያለ አልገለብጥም» ካለሽ አትደንግጪ። ብዙ ፍላሽ ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ነው የተዘጋጀው፤ እሱ ከ4 ጂቢ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። 12 ደቂቃው ላይ አይገጥምሽም። 47 ደቂቃውን እንዳለ ካልሽ ግን ሊገጥምሽ ይችላል።

እግረ መንገዴን፣ ሁለቱ ተመልካቾችሽ አንድ አይደሉም። እህትሽ የምታየው በስልክ ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ መንቀጥቀጥ ብዙም አይሰማም፤ እሷን የሚቆጫት የሰው ፊት ሲቆረጥ ነው። እናትሽ የምታየው በትልቅ ቲቪ ነው፤ እዚያ ላይ ትንሹ ንቅናቄ ይጎላል። ስለዚህ ያረጋጋሽውን ሁሉ ከመጨረስሽ በፊት አንዱን ቁራጭ ቲቪው ላይ አይተሽ ፍረጂ። ላፕቶፑ ላይ ጥሩ ነው ብለሽ አትመኚ።

ገንዘቡን ማውጣት ካማረሽ ለሌላ አውጪው። የዋናው 47 ደቂቃ ሁለተኛ ቅጂ የሚቀመጥበት ጥሩ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ግዢ። ላፕቶፕሽ ላይ አንድ፣ እሱ ላይ አንድ፤ ሌላ ቤት ቢቀመጥ ደግሞ የተሻለ። ስልኩ ላይ ያለውን ሁለቱም ቅጂዎች ተከፍተው መሥራታቸውን ሳታዪ እንዳትሰርዢ።

ለመልሱ ወይም ለሚቀጥለው ሰርግ ጊምባል፣ ማለትም ስልኩን በሞተር የሚያረጋጋ መያዣ፣ አልመክርሽም፤ ውድ ነው፣ ልምድም ይፈልጋል። ከጨርቅ ትንሽ ከረጢት ስፊና አንድ ኪሎ ማሽላ ጨምሪበት፤ ጥብቅ ብሎ አይሙላ፣ ላላ ይበል። ጠረጴዛ፣ ወንበር ወይም የመኪና ኮፈን ላይ አስቀምጪውና ስልኩን በጎኑ እንዲቆም ሰካ አድርጊው። ማሽላው ስልኩን አቅፎ ይይዘዋል። እየሄድሽ ከሆነ ክንድሽን ከጎንሽ አጣብቂ፣ ከወትሮው ትንሽ ራቅ ብለሽ ቅረጪ፤ ማረጋጊያው የሚቆርጠው ጠርዝ እንዲተርፍለት። ማታ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አምፖል አስበሪ።